ተማሪዎችን ወደ ታዳሽ ኃይል ሙያ በምን እናቅርባቸው?

የፊዚክስ መምህር፣ ሳቢያን

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በድሬዳዋ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በታዳሽ ኃይል ስላሉ የሥራ ዕድሎች ገለጻ እንዲደረግ አስተባብሬ ነበር። የግድብና የነፋስ ተርባይን ፎቶግራፎች ታዩ፣ ተጨበጨበ፤ በማግስቱ ምን መማር እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ የመለሱልኝ ያንኑ የዱሮውን ሕክምና ነው። አንዱማ «መምህር፣ ግድቡ ያለው ቤኒሻንጉል ነው፤ እኛ እዚህ ምን ልንሠራ ነው?» አለኝ፤ የሚያረካ መልስ አልሰጠሁትም። በከተማችን የሚያዩትና በእጃቸው የሚነኩት ነገር ከየት ልጀምርላቸው?

የሶላር ቴክኒሻን፣ ገንደ ቆሬ

መምህር፣ ልጁ የጠየቀዎት ተገቢውን ጥያቄ ነው። ፎቶግራፉን ትተው አንዲት የ50 ዋት ፓኔልና አንድ ቴስተር ይዘው ይግቡ። ፓኔሏን ጥላ ሥር አቆይተው፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እንደነካት ወዲያው ቮልቴጇን ይለኩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለኩ። ፀሐዩ ያው ሆኖ ሳለ ቮልቴጁ ቀንሶ ያገኙታል፤ ምክንያቱም የሲሊከን ፓኔል በሞቀ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ኃይሉም ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.4 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ በእኛ ከተማ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል ከተጻፈበት ኃይል 16 በመቶ ገደማ ያጣል። ፓኔሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀን ሳይሆን ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ከፍ አድርገን የምንሰቅለውም ለዚሁ ነው። ይህን የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ልጅ ከሌላ አገር መመሪያ ብቻ ከሚሠራ ባለሙያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ወላጅ፣ ከዚራ

ሙከራው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጄ ተምሮ የት ይቀጠራል? የተወለድኩበት ገጠር ጤና ኬላ ላይ ሶላር ተተክሎ ነበር፤ ባትሪው ሲደክም የሚቀይረው ሰው ጠፍቶ ፓኔሉ ዛሬ አቧራ ለብሶ ቆሟል።

የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር፣ ሐረር

ወንድሜ፣ የነገሩን ታሪክ በራሱ የሥራ ማስታወቂያ ነው፤ የጎደለው ፓኔል ሳይሆን ጠጋኝ ነውና። «ሶላር» የሚል ርዕስ ያለው የሥራ መደብ ብዙ እንዳልሆነ ግን አልክድም፤ ልጆቹን በዚህ ረገድ ማታለል አይገባም። ሥራው በሌላ ስም ተጠርቶ እዚያው ድሬዳዋ አለ። ከተማዋን የቆረቆረው በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ነው፤ አባቶቻችን ብየዳና መካኒክነት የተማሩትም በዚያው በምድር ባቡሩ ጋራዥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ በነዳጅ ሳይሆን ከላይ በተዘረጋ የ25 ሺህ ቮልት መስመር የሚሄድ በመሆኑ፣ መስመሩንና ማከፋፈያ ጣቢያዎቹን የሚጠብቅ ባለሙያ ሁልጊዜ ይሻል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚመረምር እጅ ተፈላጊ ሆኗል።

መምህር፣ ለክፍልዎ አንድ ስሌት ልጨምርልዎ። ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በፓምፕ እየተገፋ ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ 600 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት የፓምፑ ብክነት ሳይታሰብ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ሲያሰሉ ኃይልና ውኃ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ያለ ስብከት ይረዱታል፤ እኔ የሐረር ሰው በመሆኔ ሳላዳላ አልቀርም።

የፊዚክስ መምህር፣ ሳቢያን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሙከራው እጀምራለሁ፤ ስሌቱ ይከተላል። ቴክኒሻኑን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ሁለተኛውን ልኬት ከመውሰዳችን በፊት ልጆቹ እንዲገምቱ ላድርግን?

የሶላር ቴክኒሻን፣ ገንደ ቆሬ

ያድርጉ እንጂ፣ ግን በጽሑፍ ይቀበሏቸው። «ይጨምራል» ብሎ የጻፈው ልጅ ነው ቴስተሩን መጀመሪያ የሚቀማዎት።