ዪ ጂያንሊያን ከያኦ ሚንግ ጋር ባይነጻጸር ኖሮ እንዴት እናስታውሰው ነበር?

ጥያቄ፦ ከ«የታዳጊዎች አሠልጣኝ»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ለማሠለጥናቸው ልጆች ስለ ቻይና ቅርጫት ኳስ ሳጫውታቸው፣ አንዱ ልጅ «ዪ ጂያንሊያን ማለት ያኦ ሚንግን መሆን ያቃተው ሰው አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ፤ ወዲያው የምመልስለት አጣሁ። ልጁ ስለ ዪ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እኔም ብሆን በሙሉ ልብ ላርመው አልቻልኩም።

ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። ያኦ በ2002 በኤንቢኤ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ከሁሉም ቀድሞ በሂውስተን ሮኬትስ ተመረጠ፤ ስምንት ጊዜ ለኦል ስታር፣ የሊጉ ምርጦች ለሚጋጠሙበት ጨዋታ፣ በቃ፤ በ486 ጨዋታዎች በአማካይ 19 ነጥብና 9.2 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዘገበ። ዪ በ2007 በሚልዋኪ ባክስ በስድስተኛነት ተመረጠ፤ በአምስት የውድድር ዘመናት በአራት ቡድኖች ተዘዋውሮ በ272 ጨዋታዎች ያስመዘገበው አማካይ 7.9 ነጥብና 4.9 ሪባውንድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የልጁ አባባል እውነት ይመስላል። እኔን የከበደኝ ግን ይህ ነው፦ ንጽጽሩ ራሱ ዪን ጎድቶታል ወይስ ያኦ የሚባል ሰው ባይኖርም የዪ ታሪክ ያው ይሆን ነበር?

ጥያቄው ለእኔ የጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ከልጆቼ መካከል ታላቅ እህቷ እዚሁ ሜዳ ላይ ስም ያተረፈች አንዲት ተጫዋች አለች። ጥሩ ስትጫወት «እንደ እህቷ»፣ ስትሳሳት «እህቷ ብትሆን» ትባላለች፤ በራሷ ስም ስትጠራ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

መልስ፦ ከ«ዋሽንግተን ነዋሪ»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ወደ 2010 ተመለስኩ። በዚያ ዓመት ዪ ወደ ዋሽንግተን ዊዛርድስ ተዛውሮ ነበር፤ ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 23ቱን ብቻ ስለነበር ትኬት በቀላሉ ይገኛል፤ እኔም ከሥራ መልስ ደጋግሜ እሄድ ነበር። ዪ ኳስ በያዘ ቁጥር በአካባቢዬ ከተቀመጡ ሰዎች አፍ የሚወጣው የያኦ ስም ነው። በኖቬምበር ወር ሂውስተን ለጨዋታ ሲመጣ ያኦ ስድስት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ግራ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም በኤንቢኤ ሜዳ አልታየም። የያኦ የመጨረሻ ጨዋታ በዪ ቡድን አዳራሽ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያኦ ከሜዳው ከጠፋ በኋላ እንኳ ንጽጽሩ አልጠፋም።

እኔ እንደማምነው ንጽጽሩ ዪን የጎዳው የተሳሳተ ሥራ ስላሸከመው ነው። ያኦ 2.29 ሜትር፣ ዪ 2.13 ሜትር ነው፤ የ16 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለውጭ ተመልካች ትንሽ ትመስላለች፤ ከቀለበቱ ሥር ለሚታገል ሰው ግን ሁሉ ነገር ናት። ያኦ ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ፣ ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ፣ ማንም በማይደርስበት ከፍታ ላይ ኳሱን የሚለቅ ሴንተር (ከቀለበቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ነበር። ዪ ፊቱን ወደ ቀለበቱ አዙሮ፣ አምስት ወይም ስድስት ሜትር ርቆ ዘልሎ የሚወረውር ተጫዋች ነው። ዛሬ ረጃጅሞቹ ሁሉ ወደ ውጭ ወጥተው እንዲወረውሩ በሚፈለግበት ዘመን ቢመጣ ኖሮ ይህ ችሎታው እንደ ሀብት ይቆጠርለት ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ከውጭ ሲወረውር «ለስላሳ ነው» ይባላል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከእርሱ የከበዱት ይገፉታል።

መነሻውንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ከድራፍቱ በፊት ለቡድኖች ባሳየው ልምምድ ፊት ለፊቱ የቆመው ተከላካይ ወንበር ነበር እየተባለ በሰፊው ተወርቷል፤ ይህ ወሬ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት መሳለቂያ አደረገው። በወገኖቹ በኩል ቻይናውያን በብዛት የሚኖሩበት ትልቅ ከተማ ይፈለግ ስለነበር ሚልዋኪ ከመረጠው በኋላ ድርድሩ እስከ ኦገስት መጨረሻ ተጓተተ፤ የቡድኑ ባለቤት ራሳቸው እስከ ሆንግ ኮንግ መጓዝ ግድ ሆነባቸው። ከዚያም በኖቬምበር 9 ቀን 2007 ሁለቱ ቻይናውያን ለመጀመሪያ ጊዜ በኤንቢኤ ተገናኙ። ሂውስተን 104 ለ 88 አሸነፈ፤ ያኦ 28 ነጥብና 10 ሪባውንድ፣ ዪ 19 ነጥብና 9 ሪባውንድ አስመዘገቡ። የኤንቢኤ ሕይወቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ለነበረ ወጣት ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው። እኔ በማስታውሰው ወሬ ግን የሚነሣው የበለጠው ማን እንደሆነ ብቻ ነበር።

መልስ፦ ከ«ቁጥር መርማሪ»

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩት፤ ሆኖም ሁሉን ነገር በንጽጽሩ ማሳበብ ለተጫዋቹም ቢሆን ፍትሕ አይመስለኝም። ዪ በኤንቢኤ ዘመኑ ከሜዳ ከወረወራቸው ኳሶች ያስገባው ከመቶ 40 ያህሉን ነው፤ ያኦ ከ52 በላይ። ከርቀት የሚወረውር ሰው መጠኑ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ቢሆንም 40 ለ2.13 ሜትር ተጫዋች አነስተኛ ነው፤ ያላስገባቸውን ኳሶች ደግሞ ያኦ አልሳተለትም። ጉዳትም ነበረበት፤ በጃንዋሪ 2009 ለኒው ጀርሲ ኔትስ ሲጫወት የቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ተሰበረ፤ ለወርዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተሻለው ዓመቱ 2009/10 ሲሆን በ52 ጨዋታዎች በአማካይ 12 ነጥብና 7.2 ሪባውንድ አስመዝግቧል፤ ነገር ግን ቡድኑ በዚያ ዓመት ያሸነፈው 12 ጨዋታ ብቻ ነው።

ንጽጽሩ የሰጠውንም መዘንጋት አይገባም። ያኦ በሩን ባይከፍት ኖሮ ዪ በስድስተኛነት ይመረጥ ነበር ብዬ አላምንም። በ2009 የኦል ስታር የሕዝብ ድምፅ በምሥራቁ ክፍል ከአጥቂዎች ሦስተኛ የወጣውም፣ ለመጀመሪያው አሰላለፍ የቀረበውም፣ ያኦ ኤንቢኤን እንዲከታተል ያስለመደው ሕዝብ ስለመረጠው ነው። የያኦ ጥላ ያቀዘቀዘውን ያህል ከፀሐይም ጋርዶታል።

መልስ፦ ከ«የቀድሞ ተጫዋች»

ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ አምስቱ የአሜሪካ ዓመታት ነው። ዪ ግን ጫማውን የሰቀለው በኦገስት 2023 ነው። በመካከል ያለው ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ዘመን የት ገባ?

በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ ቻይና ጀርመንን 59 ለ 55 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀር ወሳኙን ኳስ ያስገባው ዪ ነበር። ያኦ በጁላይ 2011 መጫወት ማቆሙን አስታወቀ፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ በዉሃን በተካሄደው የእስያ ሻምፒዮና ቻይና ዮርዳኖስን 70 ለ 69 አሸንፋ ወደ ለንደን ኦሎምፒክ ስታልፍ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ዪ ነው። በ2015 በቻንግሻም እንዲሁ ሆነ። በ2004 እና በ2008 የቻይናን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የገባው ያኦ ነበር፤ በ2012 በለንደን ዪ ያዘው። እርግጥ ነው፣ በለንደንም በሪዮም ቻይና አምስት አምስት ጨዋታ ተጫውታ አንዱንም አላሸነፈችም። ሆኖም ያኦ ከጎኑ የነበሩት ሰዎች ዪ ጎን አልነበሩም፤ በተለይ ደግሞ ያኦ ራሱ አልነበረም። በአገር ውስጥ ሊግ ያኦ ከሻንጋይ ጋር አንድ ጊዜ፣ በ2002፣ ዋንጫ አነሣ፤ ዪ ከጓንግዶንግ ጋር ሰባት ጊዜ አንሥቷል። ይህን ስል ዪ ይበልጣል ማለቴ አይደለም፤ አይበልጥም።

በእኛም አገር ስለሺ ስሕንን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከቀነኒሳ ኋላ የገባ ሯጭ አድርገን ነው፤ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለት የብር ሜዳሊያ ያመጣ ሰው መሆኑን ለመናገር ግን ቆም ብለን ማሰብ አለብን። እዚያ እንኳ ንጽጽሩ ቢያንስ መሠረት ነበረው፤ ሁለቱ የሮጡት አንድ ርቀት፣ የለካቸው አንድ ሰዓት ነው። ያኦና ዪ ግን አገርና ቁመት አመሳሰላቸው እንጂ ሜዳ ላይ የተሰጣቸው ሥራ አንድ አልነበረም። ስለዚህ አሠልጣኝ፣ እኔ ብሆን ከልጁ ጥያቄ ውስጥ የማርመው «ያቃተው» የሚለውን ቃል ነው። ዪ በኤንቢኤ ብዙ ነገር አቅቶታል፤ ያኦን መሆን ግን ሥራው አልነበረም።

ስለዚያች ልጅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በእህቷ ቦታ ላይ ነው የሚያጫውቷት?

ምላሽ፦ ከ«የታዳጊዎች አሠልጣኝ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ደነገጥ አደረገኝ። አዎን፣ በእህቷ ቦታ ላይ ነው፤ ከቀለበቱ ሥር። ከእህቷ በቁመት ታንሳለች፤ በልምምድ ላይ ደግሞ ከሩቅ የምትወረውራቸው ኳሶች ደጋግመው ሲገቡ አያለሁ፤ ሆኖም ወደ ውስጥ እንድትገባ ሁልጊዜ የምጮኽባት እኔው ነኝ። ሰዎች ያወዳድሯታል ብዬ ስማረር እኔም በአሰላለፌ እያወዳደርኳት እንደነበር አላስተዋልኩም።

ለቁጥር መርማሪውም እውነታቸውን ልመስክር፤ የሳተችውን ኳስ ሁሉ በእህቷ እንድታሳብብ አልፈቅድላትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታዋን ለውጬ ከውጭ አጫውታታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከቻልኩ የ2008ቱን የቻይናና የጀርመን ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃ አግኝቼ ለልጆቹ ላሳያቸው አስቤአለሁ፤ የጠየቀኝንም ልጅ ከፊት አስቀምጠዋለሁ።