የቡና ሽታ ዳታ፦ ላይብረሪው የሚሰጠውን ስም ልመነው?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የቤንሳ ቡና ሲቆላ በሚኖሩት ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች ላይ ነው። ሳምፕሉን አዲስ አበባ በጂሲ-ኤምኤስ (ውህዶችን ለያይቶ ስብርባሪያቸውን በክብደት በሚለካ መሣሪያ) አሠርቼ ዳታውን በፍላሽ ይዤ መጣሁ። የተፈጨው ቡና ቪያል (ትንሽ ጠርሙስ) ውስጥ ሞቆ ሽታው በፋይበር ነው የተሳበው። ሶፍትዌሩ ከላይብረሪው (ከታወቁ ውህዶች መዝገብ) ጋር እያስተያየ ለየፒኩ (ግራፉ ላይ ለሚወጣው ለየጫፉ) ስም ይሰጠኛል፤ ግን ብዙዎቹን ሲሎክሴን (የሲሊኮን ውህድ) ይላቸዋል። 10.60 ደቂቃ ላይ ላለው ፒክ ደግሞ ሊሞኒን፣ ኦሲሚን፣ ቤታ-ፌላንድሪን እያለ ሦስት ስም ይደረድራል። ነጥባቸው ይቀራረባል። የቱን ልጻፍ? እባካችሁ ጨንቆኛል።

የላብ ሰው፦
አይዞሽ እህቴ። ሲሎክሴኑ የቡናው አይደለም። የኮለሙና (ውህዶቹ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) የፋይበሩ ሽፋን፣ የቪያሉ ሴፕተምም (የክዳኑ ጎማ) ጭምር ሲሊኮን አለበት፤ ሲሞቅ ይለቃል። ስፔክትረሙን (የፒኩን ስብርባሪዎች ክብደት የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈቺ። 73፣ 147፣ 207፣ 281 ጎልተው ከወጡ እሱ ነው። 149 ከጎላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ የመጣ ፋታሌት ነው። ባዶ ቪያል (ብላንክ) በዚያው ሜተድ ተሠርቶልሻል? ካልተሠራ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። ያለ ብላንክ ውጤት መጻፍ አይሆንም።

ጠያቂ፦
ብላንኩ አለ። አሁን ደርቤ አየሁት፤ 207 ያለባቸው በሙሉ እዚያም አሉ። ተመስገን! የ10.60ው ግን ብላንኩ ላይ የለም።

አዳሜው፦
እሱን እንግዲህ አጥብቀሽ ያዢው። የላይብረሪ ነጥብ 900 ቢሆንም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስቱም ክብደታቸው 136 ነው፣ ሦስቱም 93 ላይ ጎላ ይላሉ። የሚያግዝሽ ሪቴንሽን ኢንዴክስ (የፒኩ መውጫ ደቂቃ ከአልኬኖች ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው ቁጥር) ነው። የአልኬን (ካርበናቸው በሰንሰለት የተያያዘ ውህዶች) ድብልቅ አብሮ ተሠርቷል? ዴኬንና አንዴኬን ስንት ደቂቃ ላይ ወጡ?

ጠያቂ፦
ተሠርቷል። ዴኬን 10.00፣ አንዴኬን 12.00። የኮለሙ ሽፋን 5 በመቶ ፊኒል ያለበት ነው።

አዳሜው፦
በጣም ጥሩ። ቫን ደን ዱል እና ክራትዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ቀመር እንሥራው። ዴኬን 10 ካርበን ስላለው 1000 ነው፣ አንዴኬን 1100። ከ10.60 ላይ 10.00 ሲነሳ 0.60። ለ2.00 ሲካፈል 0.30፣ በ100 ሲባዛ 30። ስለዚህ ፒክሽ 1030 ላይ ነው። በዚህ ዓይነት ኮለም ትራንስ-ኦሲሚን ወደ 1050 ይጠጋል፤ እሱን ተዪው። ሊሞኒንና ቤታ-ፌላንድሪን ግን ሁለቱም እዚያው 1030 አካባቢ ናቸው፣ ኢንዴክሱ አይለያቸውም። 68ን እዪ። ሊሞኒን ላይ በጣም ትልቅ ነው።

ጠያቂ፦
68 ትልቅ ነው! ግን 122ም ከፍ ብሎ ይታያል።

ሽታ አዋቂ፦
እኔ ልግባ። የተቆላ ቡና ከሆነ ፓይራዚን (ቡና ሲቆላ የሚፈጠር የሽታ ውህድ) ሳይደረብበት አልቀረም፤ የአንዳንዶቹ ክብደት 122 ነው። የ93ን እና የ122ን መስመር ለየብቻ አውጪና ጫፎቻቸውን አነጻጽሪ። ጫፋቸው ካልገጠመ ሁለት ውህድ ነው። አምዲስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ የተደራረበ ፒክ ይለያይልሻል።

ጠያቂ፦
አልገጠሙም። የ122ው ትንሽ ይቀድማል።

ሽታ አዋቂ፦
እንግዲያው አምዲስ ከለየው በኋላ እንደገና ከላይብረሪው ጋር አስተያዪው። ንጹሕ ሊሞኒን በዚያው ሜተድ ካላስወጋሽ ግን ሠንጠረዡ ላይ «በጊዜያዊነት የተለየ» ብለሽ ጻፊ። ፈታኞችሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

የላብ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። የፒክ ስፋት በመቶኛ የውህዱ መጠን አይደለም፤ ፋይበሩ ሁሉንም እኩል አይስብም። የውስጥ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ውህድ) ካልተጨመረ የሳምፕሎችሽን ፒክ እርስ በርስ ብቻ አወዳድሪ።