«ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ!» ይላሉ፤ ፈተና ላይ ግን የለም። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

የዘጠነኛ ፊዚክስ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 58 ልጆች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው።

ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ አስተማርኩ፤ አንድ አካል ሌላውን ሲገፋ ሌላውም በእኩል ኃይል መልሶ ይገፋዋል የሚለውን። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ምሳሌ ሠራሁ፣ «ገባችሁ?» አልኩ። በአንድ ድምፅ «አዎ!» አሉ። «ጥያቄ ያለው?» ስል ጸጥ። ሳምንቱን አጭር ፈተና ሰጠኋቸው። «ሕጉን ጻፉ» የሚለውን አብዛኞቹ አገኙት። ቀጥሎ ግን «አይሱዙና ባጃጅ ፊት ለፊት ቢጋጩ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል?» የሚል ነበረ። ኃይሉ እኩል ነው ያሉት 4 ልጆች ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱን ጠርቼ ምክንያቱን ብጠይቀው «ሕጉ እንደዚያ ስለሚል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ክፍለ ጊዜ በስልኬ ቀዳሁትና ማታ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት። 23 ጊዜ ጠይቄያለሁ። ከነዚያ 17ቱ «ገባችሁ?»፣ «አይደል?»፣ «እሺ?» ናቸው። የቀሩት ቀመር ወይም አሃድ የሚያስጠሩ ናቸው። ልጆቹን ዝም ያሰኘኋቸው እኔው ነኝ ማለት ነው፤ ይህን ማወቄ በጣም ከብዶኛል። 1 ለ 5 ቡድንም ሞክሬያለሁ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ብጠይቅ ነው የሚያስቡት? እነሱስ እንዲጠይቁ ምን ላድርግ? መምህር ያልሆናችሁም፣ ሥራችሁ ሰው መጠየቅ ከሆነ ልምዳችሁን ንገሩኝ።

የሳሪሱ መካኒክ

ቲቸር፣ እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ጋራዥ ከገባሁ ግን 14 ዓመት ሆነኝ። ደንበኛ ይመጣና «አትነሳም» ይላል። «ምን ሆና ነው?» ብትለው አያውቅም፣ ቢያውቅማ መች ይመጣል። «ባትሪው ነው እንዴ?» ካልከው «ሊሆን ይችላል» ይልሃል፤ ባትሪ ታስገዛውና ነገ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የምጠይቀው «ቁልፉን ስታዞረው ምን ትላለች?» ብዬ ነው። ጸጥ ካለች ወይም ቀጭ ቀጭ ካለች ባትሪውን፣ ተርሚናሉን፣ ሞተሪኖውን አያለሁ። ሞተሯ በደንብ እየዞረ እሳት አልያዝ ካለች ግን ባትሪውን እተወዋለሁ፤ ወደ ነዳጅና ወደ ካንዴላ ነው የምሄደው። በአንድ ጥያቄ ግማሹ ፍለጋ ይቀርልኛል። መልሱ የትም ይሁን የት እጄ ወደዚያው መክፈቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥያቄው ባይጠየቅም ምንም አልጎደለም።

አንድ ኮሮላ ነበረች፤ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሁለት ባትሪ አስቀይሯል። ዲናሞውም ተፈትሿል፣ ደህና ነው። እኔ «መቼ መቼ ነው እምቢ የምትለው?» አልኩት። አሰበና «ሰኞ ጠዋት» አለ። ሌላ ቀንስ? የለም። ቅዳሜና እሁድ አይነዳትም ማለት ነው፤ ቆማ ሳለች አንድ ነገር ቀስ እያለ ባትሪውን ይጠጣዋል። መለኪያ አስገባሁና ፊውዝ እያወጣሁ አየሁ። የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ናት፤ ኮፈኑ ሲዘጋም አትጠፋም ነበር። «መቼ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ የሁለት ባትሪ ገንዘብ ሄደ።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ወንድሜ፣ የእኔ ችግር ከአንተ ጋር አንድ ነው። የደም ግፊት ታካሚዎችን «መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?» እላለሁ፣ «አዎ ልጄ» ይሉኛል። ስለካ ግፊቱ ከፍ ብሏል። ድሮ «ታዲያ ለምን አልወሰዱም?» እል ነበር። በእኛ አፍ «ለምን» ክስ ነው። ልጅ ሆነን «ለምን ሰበርከው?» የተባልንበት «ለምን» ነው፤ የሚሰማው ሰው ማሰቡን ትቶ ራሱን ይከላከላል።

አሁን የምለው «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ እርስዎንስ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎ?» ነው። ይነግሩኛል። አንዲት እናት «አምስት ቀን» አሉኝ። ደንግጬ «ትላንት ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ኪኒኑ ላይ የተጻፈላቸው «ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ» ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የታዘዙትን በትክክል ነው የፈጸሙት! ጠዋት ምግብ ስለሌለ ኪኒንም የለም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወርነው። «ለምን» እያልኩ ብቀጥል ኖሮ ይህን አላገኘውም ነበር፤ እሳቸውም ቅር ብሏቸው መምጣታቸውን ይተዉ ነበር።

ልጆችህንም «ለምን እንዲህ አልክ?» ከምትላቸው «እዚህ መልስ ላይ እንዴት ደረስክ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብትላቸው የሚሻል ይመስለኛል።

12ኛ ክፍል አስተማሪ

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ እቃወማለሁ። ጊዜ ከየት ይመጣል? የመጽሐፉን ምዕራፎች ሳንጨርስ ፈተና ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሁላችንም ያንን ፈርተን ነው የምንሮጠው። ደግሞም ልጁ የሚጠይቀው አጥቶ አይመስለኝም። ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተሳስቶ ይሳቅብኛል ብሎ ነው አፉን የሚይዘው። ይህ ሳይነሣ ስለ ጥያቄ ዓይነት ብናወራ ምን ይጠቅማል?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ድምፅህን ቀድተህ ማዳመጥህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እኔ በዘመኔ አላደረግሁትም።

አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ካሉ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሳቸው «ምነው ቢሉ»፣ «ስለምን ቢሉ» ብለው የሰሚውን ጥያቄ ያነሣሉ፤ ይመልሱታልም። በዚያ አያበቁም፤ «አንድም» ብለው ሌላ መልስ ያመጣሉ። እኔ ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ ይህን ጣልኩት፤ ትክክለኛው መልስ እንደተገኘ ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ዛሬ ክፍል ብገባ ልጁ በትክክል ሲመልስ እንኳ «አንድም?» እለው ነበር።

ሁለተኛው፣ ስትጠይቅ ጠብቅ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት በ1970ዎቹ (በፈረንጆች) መምህራን ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክታ 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያስረዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት ተናገሩ፣ ራሳቸውም መጠየቅ አበዙ። 3 ሰከንድ ከምዕራፍ ላይ ምንም አይወስድም፤ ይህን የምለው ለ12ኛ ክፍሉ አስተማሪም ነው።

የአይሱዙው ዓይነት ጥያቄ ደግሞ ብርቅ ነውና አትጣለው። በሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር በ1990 ገደማ እንዲህ ያለ ፈተና ሲሰጥ፣ ከባድ ስሌት የሚሠሩ ተማሪዎቹ ተሰናከሉበት። አንዷም፣ ባስተማርከን መሠረት ልመልስ ወይስ እኔ እንደማስበው ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ሰጥቶ መጀመሪያ ለየብቻ ያስመርጣቸዋል፤ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ፤ እንደገና ይመርጣሉ። ልጆቹ የሚከራከሩት በሚያልሙበት ቋንቋ ይሁን።

የዘጠነኛ ፊዚክስ

ጋሼ፣ ሲስተር፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ ሞከርኩት።

አይሱዙውንና ባጃጁን ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። «አይሱዙው ከሆነ አንድ ጣት፣ ባጃጁ ሁለት፣ እኩል ከሆነ ሦስት፤ ጣታችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ ጎረቤት እንዳያይ» አልኩ። በልቤ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ያ ጸጥታ እንዴት ይረዝማል! ሁለት ጊዜ «እሺ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። አይሱዙ 41፣ ባጃጅ 6፣ እኩል 11። ምንም ሳልል «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ፣ በአማርኛ» አልኳቸው። ክፍሉ ገበያ ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው አለፉ። እንደገና ሳስመርጥ እኩል ያሉት 29 ደረሱ።

ያኔ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኃይሉ እኩል ከሆነ ባጃጁ ለምን ተጨፈለቀ?»

ልመልስላት ጠመኔውን አንሥቼ ነበር፤ አስቀመጥኩትና «ኃይሉ እኩል ሆኖ በሁለቱ መካከል እኩል ያልሆነው ምንድነው?» አልኩ። ጠበቅሁ። አንዱ «ክብደታቸው» አለ። ባጃጁን 400 ኪሎ፣ አይሱዙውን ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ብለን ያዝን። በአንድ ዓይነት ኃይል የባጃጁ የፍጥነት ለውጥ ሃያ እጥፍ እንደሚሆን እነሱው አወጡት፤ እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው።

እርግጥ ነው፣ 40ው ደቂቃ በአንድ ጥያቄ አለቀ፤ አንድ ንዑስ ርዕስ ቀርቶብኛል። ደወል ተደውሎ ስወጣ ግን ሁለት ልጆች በሩ ላይ ጠበቁኝ። ባጃጁ ውስጥ ያለው ሰው ቀበቶ ቢኖረው ሃያ እጥፉ ይቀነስለታል ወይ ብለው እየተከራከሩ ነበር። ሐሙስ ከዚያ እጀምራለሁ።