እናቴ የለመደችው መንገድ ጠፋባት፤ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

የአዘዞ ልጅ፦
እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ የምንኖረው አዘዞ ነው። ባለፈው ወር ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ አርባ ዓመት የኖረችበት ሰፈር ጠፍቷት፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር አውቋት ቤት አደረሳት። ምልክቱ ከዚያ በፊትም ነበር። በረካው ተጠጥቶ፣ ስኒው ታጥቦ ሳይደርቅ፣ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ብላ ምጣዱን ትጥዳለች። የወሩን በዓላት ሁሉ በቃሏ ታውቅ የነበረች ሴት፣ አሁን በ21 ቀን «ሚካኤል ነው» ብላ ነጠላዋን ትለብሳለች። ዘመዶች «ጃጅታ ነው» ይላሉ፤ አክስቴ ደግሞ ጠበል እንውሰዳት ትላለች። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከሰባት ዓመት በፊት ያረፈውን አባቴን «እስካሁን አልገባም?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። እውነቱን ስነግራት እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች። ምን ልመልስላት?

ነርስ ከማራኪ፦
የሰው ስም መርሳትና ቆይቶ ማስታወስ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። የለመዱት መንገድ መጥፋት ግን ከዚያ ያለፈ ስለሆነ «ጃጅታ ነው» የሚለውን መልስ አይቀበሉ። ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን ማስታወስን፣ ማሰብንና የዕለት ኑሮን የሚያውኩ ሕመሞች የጋራ መጠሪያ ነው፤ ከእነዚህም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። ስሙ በ1906 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር የመጣ ሲሆን፣ አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ እየተከማቹ የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። የሚያድነው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀል ግን አለ። ከደም ሥር መጎዳትና ከስትሮክ የሚመጣ ዲሜንሺያም አለ፤ ግፊት ያለበትን ሰው በተለይ ያሠጋል።

ሆኖም አስቀድሞ መታከም የሚችለው ይጣራ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ቁርጥ ዲሜንሺያ ይመስላሉ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ ጾም ለማያጎድሉ እናቶቻችን ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም። መደናገሩ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ደግሞ እንደ ሽንት ወይም ሳንባ ያለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የውስጥ ደዌም የአእምሮ ሕክምናም አለ፤ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይያዙ። ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ አደራ።

አባቱን ያስታመመ፦
እኔም እውነቱን መናገር ግዴታዬ መስሎኝ አባቴን በየቀኑ አስለቅሰው ነበር። በኋላ ግን ሟች አያቴን «የት ሄደች?» ሲለኝ «ናፈቀችህ? ምን ትሠራልህ ነበር?» እለው ጀመር፤ ስለ ድፎ ዳቦዋ ሲያወራ ይረጋጋል። እንዲህ ማለት መዋሸት አይደለም፤ የሚፈልገውም መልስ ሳይሆን ሰውየዋን ነበር። ከ11 ሰዓት በኋላ መደናገሩ ስለሚብስበት መብራት ቀደም ብዬ አበራ ነበር። ትልቁ ስሕተቴ ገመና ነው ብዬ መደበቄ ነው። ለእድርተኞች፣ ለባለ ሱቁና ለባጃጅ ሾፌሮቹ ከነገርሁና ስልክ ቁጥሬን ጋቢው ጥለት ላይ ከሰፋሁ ወዲህ፣ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ በሰዓት ውስጥ ተገኝቷል።

አንባቢ፦
ጆሯቸውስ ይሰማል? ዓይናቸው ሞራ የለበትም? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በ14 አጋላጭ ነገሮች ላይ ቢሠራ በዓለም ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገልጿል፤ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ያልታከመ የዓይን ችግርና ብቸኝነት ከ14ቱ መካከል ናቸው። እናትዎን ከማኅበርና ከቡና ጎረቤት አይለዩአቸው፤ የእርስዎንም ግፊት ከአሁኑ ያስለኩ።

የአዘዞ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አባቴን ስትጠይቀኝ ስለ እሱ እንድታጫውተኝ ለመንኋት፤ ከጎርጎራ ዓሣ ይዞ ስለገባበት ቀን ነገረችኝ፤ አላለቀሰችም። ጠዋት መድኃኒቷን ልሰበስብ ሳጥኗን ስከፍት የሦስት ወር የግፊት ክኒን ከነማሸጊያው አገኘሁ። በየማለዳው «ዋጥሽ?» ስላት «አዎ» ነበር የምትለኝ። ፌስታሉ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ማክሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን።