ሃያ ዓመት ቤት የያዘች ሚስት ከፍቺ በኋላ ቀለብ ይገባታል?

ጠያቂዋ፦ ትናንት ይህን ስጠይቅ አብዛኛው ሰው «ግማሽ ንብረት ትወስድ የለ እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። እሺ፣ ከንብረቱ እንጀምር። ጎረቤቴ አስረኛ ክፍል እያለች አገባች፣ ትምህርቷን አቋርጣ ሃያ ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ልጅ አሳደገች። ሲፋቱ የነበራቸው አንድ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እሱም የባንክ ዕዳ ያለበት። ተሸጠ፣ ዕዳው ተከፈለ፣ የተረፈው ለሁለት ተካፈለ። እሱ ደሞዙን ይዞ ወጣ። የእሷን ድርሻ የቤት ኪራይ በላው። አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች፣ መብራት የጠፋ ቀን ሊጡም ይበላሻል ደንበኞቿም ይሄዳሉ።

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 (የአዲስ አበባና የድሬዳዋውን ነው የማወራው፣ ክልሎች የራሳቸው አላቸው)፣ የፍቺ አቤቱታ ሲገባ ዳኛው ስለሁለቱም መተዳደሪያ፣ ስለልጆቹና ስለንብረቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን የሚቀጥለው የልጆች ቀለብ ብቻ ነው። አንቀጽ 84 ካሳ ይላል፣ እሱም ለፍቺው ምክንያት በሆነው ወገን ላይ ነው። በስምምነት የተለያየችውስ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ አዝናለሁ ግን አልስማማም። የመንግሥት ደሞዝተኛ ነኝ። ለልጄ ቀለብ በየወሩ ይቆረጥብኛል፣ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው፣ ልጄ ነው። ለቀድሞ ሚስቴም ጨምር ከተባልኩ ሌላ ትዳር መቼ ልመሠርት ነው? ደግሞ ሕጉ የሚይዘው እንደኔ ደሞዙ በወረቀት ላይ ያለውን ነው። ነጋዴው ከስሬያለሁ ብሎ ይወጣል።

ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ እዚህ የቀድሞ ሚስት ወይም ባል ቀለብ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ዳኛው ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ፣ ዕድሜና ጤናቸውን፣ ለቤቱ ሲባል ማን ሥራ ወይም ትምህርት እንዳቆመ ያያል። ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊወስን ይችላል። ከዚያ ከሥራ የተባረረ ወይም የታመመ ከፋይ ተመልሶ ይቀነስልኝ ይላል፣ ሁኔታው በእርግጥ መለወጡን ማሳየት አለበት። በውላቸው ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር ተቀባይዋ ስታገባ ይቆማል፣ ከሌላ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖረችም እንደዚያው። የጠበቃው ወጪ ግን ወገብ ይሰብራል፣ ያንን አልደብቅም።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ የነጋዴው ነገር እውነት ነው። ግን በልጅ ቀለብም ገቢውን የሚደብቅ ሞልቷል፣ በዚህ ምክንያት የልጅ ቀለብ ይቅር አላልንም እኮ። የልጅ ቀለብ ገቢ ሲወርድ ወይም የልጁ ፍላጎት ሲጨምር በአቤቱታ ይሻሻላል፣ ፍርድ ቤቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁታል። እኔም ዕድሜ ልክ ይከፈላት አላልኩም። ረጅም ትዳር ለነበራት፣ ገቢ ለሌላት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ልጅ ቀድሞ። ባል ቤት ውሎ ሚስት ሠርታ ከሆነም ለእሱ ይቆረጥለት።

መምህሩ፦ ጊዜው በሕግ ከተጻፈ እሰማለሁ። «ዳኛው እንደመሰለው» ከሆነ ግን የለሁበትም። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ነው የምትዪው?

ጠያቂዋ፦ ለሁሉም አንድ ቁጥር አልሰጥም፣ እንደ ትዳሩ ርዝመት ይለያያል። ጎረቤቴን ግን ጠይቄያታለሁ። የልብስ ስፌት ስልጠና ተመዝግባ ነበር፣ ስድስት ወር ነው። በሁለተኛው ሳምንት አቋረጠች፣ ስልጠናው ጠዋት ነው፣ እንጀራውም የሚሸጠው ጠዋት ነው።