ዓመቴን መጻፍ አቃተኝ፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ። የዓመቱን ውጣ ውረድ ለራሴ ልጽፍ ከተቀመጥኩ ዛሬ ሦስተኛ ምሽቴ ነው። ገጹ ግን በመጥፎው ብቻ ተሞላ።

ሥራ ያጣሁት በሁለተኛው ወር ነው። ሰዓቱ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። አዲሱን ሥራ ያገኘሁበትን ቀን ለማወቅ ግን የስልኬን መልእክቶች መበርበር ነበረብኝ! እህቴ በሰላም ተገላገለች። ከአባቴ ጋር ከ6 ዓመት በኋላ ታረቅን። ይሄ ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ባለፈው ወር ግን ከልብ ጓደኛዬ ጋር ተኳረፍን፤ ያ ሁሉንም አጠለሸው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን፣ ያለፈን ነገር የምንመዝነው በአብዛኛው ስሜቱ በበረታበት ቅጽበትና በመጨረሻው ነው ይል ነበር። የእኔም ነገር ይኸው ይመስለኛል። ማወቄ ግን ምንም አልፈየደልኝም።

ፎቶዎቼን በየወሩ ለይቼ አየሁ። ሰው ሲከፋው ፎቶ አያነሳም አይደል? ዓመቱን ሙሉ ሠርግ አስመሰሉት።

እናንተስ እንዴት ነው የምታደርጉት? በየወሩ ነው የምትጽፉት ወይስ በየጉዳዩ? የጓደኛዬን ነገር ገና ሳይለይለት ልጻፈው ወይስ ልተወው? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።