የእናቴ ፓፍ አልረጭ አለ፣ ደሴ ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የሰኞ ገበያው · ሌሊት 7፡40
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰማያዊውን ፓፍ (የትንፋሽ መድኃኒት መርጫዋን) ስጫነው ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቴ ቁጭ ብላ ነው የምትተነፍሰው፣ ጋደም ስትል ይብስባታል። ፋርማሲ ዝግ፣ ባጃጅ የለም። ጦስኝ በማር አፍልቼ ሰጥቻታለሁ። ኢሚዩኒቲዋ ወርዶ ነው መሰለኝ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር እሷን ነው የሚይዛት። ቤት ውስጥ የሚገኝ ኢሚዩኒቲ የሚያነሳ ነገር ንገሩኝ፣ ወይ ፓፉን የማስተካክልበትን።

ጦሳ ስር · 7፡43
ዕድሜያቸው? አስም ነው ልብ? ፓፉ ከመቼ ጀምሮ ነው? ወንድምዓለም፣ እኛ ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 7፡45
መጀመሪያ እሳቸውን እያቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መጨረስ ይችላሉ? ከንፈራቸው ጠቁሯል? እንቅልፍ እንቅልፍ እያላቸው ወይም እየቃዡ ነው? ከነዚህ አንዱ ካለ የኛን መልስ አትጠብቅ፣ 907 ደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ጎረቤት መኪና ካለው ቀስቅሰው፣ ሌሊት ነው ብለህ አትፈር።

ከሌለ ደግሞ ፓፉን። ብረቱን ከፕላስቲኩ ሳብና አውጣ። ብረቱን ውሃ እንዳታስነካው። ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃ ከላይም ከታችም አጥበው፣ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቀዳዳ ተመልከት፣ ነጭ ዱቄት ተጋግሮባት ይሆናል። በመርፌ እንዳትነካት። አራግፈህ መልሰህ ግጠመው፣ በደንብ ነቅንቀው፣ ሁለቴ ወደ አየር ርጭ። ለአሁን ይሠራል፣ በኋላ እንደገና አጥበህ በደንብ አድርቀው።

ሐረጎ ጥምዝ · 7፡47
ፓፉም የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት ይሆናል 😅 ይቅርታ፣ አላህ ያሽራቸው።

የሰኞ ገበያው · 7፡52
መናገር ትችላለች፣ እኔን እየተቆጣች ነው። 61 ዓመቷ ነው። ጎረቤት የደም ኦክስጅን የሚያሳይ የጣት መለኪያ አምጥቶልን 84 ይላል!! ይሄ ሞት ነው አይደል?

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 7፡53
ጣታቸው ላይ እንሶስላ ወይ ሂና አለ?

የሰኞ ገበያው · 7፡54
አዎ፣ እሁድ ሠርግ ነበረን። ትንሿ ጣቷ ብቻ ናት ያልተቀባችው።

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 7፡55
እጃቸውን በእጅህ አሙቅና በትንሿ ጣት ለካ። ጥቁር ቀለምም ቀዝቃዛ እጅም መለኪያውን ያሳስተዋል። ደሴ ደግሞ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ እዚህ የጤነኛው ሰው ቁጥርም ከባህር ዳርቻው ሰው ዝቅ ይላል።

አብሽር · 7፡58
ፕላስቲኩን በሙቅ ውሃ እጠበው።

ጦሳ ስር · 7፡58
አብሽር፣ ከላይ ተብሏል እኮ።

አብሽር · 8፡01
ብረቱን ግን እንዳታጥበው።

የሰኞ ገበያው · 8፡06
በትንሿ ጣት 90። ቀዳዳዋ ላይ ልክ እንደ ኖራ ተጋግሮ ነበር፣ አጠብኩት፣ አሁን ይረጫል። ግን ስትስበው ግማሹ ከአፏ ተመልሶ ይወጣል።

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 8፡08
ግማሽ ሊትር ባዶ ሃይላንድ አለ? ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቅደድና ፓፉን አስገባበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው፣ እሳቸው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳቡ። አንዴ ርጨህ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። አራት ርጭት ስጥና 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ ካልቀለላቸው ድገም። የድሃ ዘዴ እንዳይመስልህ፣ ኬፕታውን ላይ በልጆች ተሞክሮ ከሚሸጠው እኩል ሠርቷል። በሦስተኛው ዙርም ካልተሻላቸው ሐኪም ቤት ነው፣ ሌላ ምክር የለኝም። ቢሻላቸውም ሲነጋ ይታዩ።

የሰኞ ገበያው · ጠዋት 1፡20
አልሐምዱሊላህ ተኝታለች። አሁን ሌላ ጥያቄ። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ያየበት ወረቀት እዚህ አለ፣ ሲኦፒዲ ይላል፣ የአየር መተላለፊያን የሚያጠብ የቆየ የሳንባ በሽታ ማለት ነው አሉኝ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን አዞላታል፣ ባለ 5 ሚሊግራም፣ በቀን 8 ፍሬ ለ5 ቀን። ስምንቱን መዳፏ ላይ ዘርግታ አየችና «ይሄ ለፈረስ ነው» ብላ መለሰችው። ፋርማሲስቱም መድኃኒቱ ኢሚዩኒቲ ይቀንሳል ብሎኛል። በየብርዱ ለሚይዘው ሰው እንዴት ኢሚዩኒቲ የሚቀንስ ይታዘዛል? የደም ውጤቱ ላይ «ኢዮሲኖፊል 620» ተጽፎ በቀይ ተከቧል።

ምን ይሉኝ · 1፡31
ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ? ካላጨሱ ሲኦፒዲ አይደለም። ሐኪሙ ተሳስቷል፣ ቲቢ ነው የሚሆነው። ወይ ቡዳ 😏

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 1፡36
ምን ይሉኝ፣ 40 ዓመት በማገዶ እንጀራ የጋገረች ሴት ሲጋራ አላጨሰችም ትላለህ? ሲጋራውን እኛ ነን የበላነው። የቲቢውን ነገር ግን እቀበልሃለሁ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካላቸው አክታ ይመርመር። በጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

የድሮ ባዮሎጂ መምህር · 1፡50
ልጆች፣ ረጋ በሉ። ጠያቂው ጥያቄውን ከመሠረቱ ነው የሳተው። ሳንባ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባል ትልቅ ሴል አለ፣ ሥራው አቧራና ጀርም መዋጥ ነው። ሜቺኒኮቭ የሚባል ሳይንቲስት ሴል ባዕድ ነገር እንደሚውጥ በ1882 እ.ኤ.አ. አይቶ በ1908 ለኖቤል የበቃው በዚህ ነው። ጭስ ሲበዛበት ማክሮፋጁ ቁጥሩ ይበዛል፣ ጀርም የመዋጥ አቅሙ ግን ይደክማል። የሚዋጠውን ትቶ የድረሱልኝ መልእክት ይልካል። ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ ሴሎች ከደም ውስጥ ይጎርፋሉ። ኒውትሮፊል ኤላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ ሳንባን እንደ ላስቲክ የሚያሳስበውን ክር የሚበጥስ። ጉበት የሚሠራው ማርከሻ አለ፣ አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን ይባላል፣ ጭስ እሱንም ያሽመደምደዋል። ሲዲ 8 የሚባሉት ቲ ሴሎችም፣ ሌሎች ነጭ ሴሎች ናቸው፣ ይጨመሩበታል። በመጨረሻ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው ይፈርስና አንድ ትልቅ ባዶ ጎተራ ይሆናሉ። የፈረሰው አይመለስም። ስለዚህ ኢሚዩኒቲዋ ወረደ ሳይሆን

የድሮ ባዮሎጂ መምህር · 1፡51
ስልኬ ቆረጠው። ወረደ ሳይሆን ቦታውን ስቶ በዛ ነው። ደቦ ጠርተህ ስንዴው ታጭዶ አልቆ ደቦው አልሄድም ብሎ ማሳህን ሲረግጥብህ አስበው።

ሐረጎ ጥምዝ · 1፡55
ጋሼ፣ ደቦው ያልሄደው ጠላው ስላላለቀ ነው 😂

የድሮ ባዮሎጂ መምህር · 1፡57
ጭሱ ነው ጠላው። ተሳክቶልሃል ለዛሬ።

ኮምቦልቻ ላብ · 2፡30
አሁን ወደ ፈረሱ መድኃኒት። መምህር ጥሩ አስተምረዋል ግን 620ውን ዘለሉት፣ እኔ ደግሞ ሥራዬ እሱ ነው። ኢዮሲኖፊል ማለት ደሙን መስታወት ላይ አሰጥተን ስናቀልም ኢዮሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም የሚጠጡ ፍሬዎች ያሉበት ነጭ ሴል ነው፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአስም ሰው ነው የሚበዛበት፣ ሲኦፒዲ ካለባቸውም የተወሰኑት ላይ ከፍ ይላል። ፕሬድኒሶሎን ኢዮሲኖፊልን እንዲሞት ያደርጋል፣ ኒውትሮፊልን ግን እንዲያውም ዕድሜውን ያረዝምለታል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሰው በስቴሮይድ ብዙም የማይጠቀመው፣ 300 እና ከዚያ በላይ የሆነው ግን በሚሳበውም ስቴሮይድ ጭምር ይጠቀማል። እናትህ 620 ናቸው። 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን ደግሞ ሲኦፒዲ ሲነሳ የሚሰጠው የተለመደው ልክ ነው፣ ስምንት ፍሬ የሆነው ፍሬው ባለ 5 ስለሆነ ብቻ ነው።

ግን። በኛ አገር ይሄን ቁጥር አይቶ ወዲያው ሳንባ ማለት ልክ አይደለም። አስካሪስም መንጠቆ ትልም ከፍ ያደርጉታል። ሰገራ ተመርምረዋል? ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ካለባቸው በስቴሮይድ ላይ ከባድ ነገር ያመጣል፣ ስለዚህ ለሐኪሙ ንገረው። ስኳር ካላቸውም ንገረው፣ መድኃኒቱ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል።

ምን ይሉኝ · 2፡41
ታዲያ ጥቁር አዝሙድ ይሻላል በለኛ።

ኮምቦልቻ ላብ · 2፡44
አላልኩም። በዳቦ ይብሉት፣ ክኒኑን ግን አይተካም።

እታለም · 3፡15
እኔም እናቴ እንዲህ ነበረች። ማዕድ ቤቱን ከቤት አውጥተን በኤሌክትሪክ ምጣድ ጀመርን፣ መብራት ባለ ቀን። በርበሬ ስናምስ ጎረቤት እናደርሳታለን። ቡናው ላይ ዕጣን ማጨሱን ለማስተው ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ እስከ ዛሬም አኩርፋለች። አንዳንዴ ከበረንዳው ላይ ተደብቃ ታጨሰዋለች፣ ሽታው ሲመጣ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ።

አብሽር · 3፡20
ብረቱ እንደ ቀለለ አይታችሁታል? 200 ርጭት ነው የሚይዘው። ካለቀ ማጠቡ ዋጋ የለውም።

ጦሳ ስር · 3፡22
አብሽር በመጨረሻ አዲስ ነገር ተናገረ።

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · 4፡10
የሰኞ ገበያው፣ ወሰድካቸው? ብረቱን ውሃ ውስጥ ጥለህ ይንሳፈፋል ይሰምጣል እይ የሚሉህን እንዳትሰማ፣ ስንት እንደቀረ በትክክል አያሳይም። ካሁኑ የረጨህበትን ቀን በእስክሪብቶ ቆርቆሮው ላይ ጻፍ።

ነርሷ ከቧንቧ ውሃ · ማታ 1፡05
የሰኞ ገበያው?

ቦርከና ማዶ · በነጋታው 2፡15
ሰላም፣ ይቅርታ ክሩን ስለጎተትኩት። ያ የሃይላንዱ ነገር ለ3 ዓመት ልጅ ይሆናል? ጠርሙሱን አፉ ውስጥ አልይዝም ብሎኝ እያለቀሰ ነው።